አንድ አገር ደግሞ

የወለንጪቲ ጣቢያ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ዘርፉ የበቅሎዋን ጎን በእግሯ ትደልቅ ጀመር። ከአዳማ የተነሣችው ገና ሳይነጋ ነው። ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ብትጠመጥምም አሸዋው ጥርሷ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። በምሥራቅ በኩል፣ ከግራሩ በላይ፣ ከአዋሽ የሚመጣው ባቡር ጭስ ብቅ ብሏል። እሱ ከቀደማት የሁለት ዓመት ድካሟ ገደል ገባ ማለት ነው።

«ነይ እንጂ አንቺ ለጋሚ፤ መልገሚያ ቀን አጥተሽ ነው ዛሬ?» አለቻት በቅሎዋን።

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ዘርፉን የማያውቅ የባቡር ሰው የለም። ከደራና ከመቂ ቅቤና ማር እየሰበሰበች፣ በሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ እየጫነች፣ በየጣቢያው የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንንም አስፈቅዳ ከቤት ወጥታ አታውቅም፤ ምላሷም የሚያሳርፈው ሰው የለም። ያን ቀን ግን ቅቤም ማርም አልያዘችም። የሄደችው አንድ ሰው አዳማ ከመድረሱ በፊት ባቡሩ ላይ አግኝታ አፉን እንዲይዝ ለመለመን ነው። ልመና ደግሞ አትችልበትም።

ሰውየው ደገፋ ነው፤ የሟች እኅቷ ልጅ፣ እሷው አዝላ ያሳደገችው። ከስድስት ዓመት በፊት መንግሥት ወደ ፈረንጅ አገር ከላካቸው ተማሪዎች መሀል ሁለቱ የአዳማ ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ደገፋ፣ ሁለተኛው የጎረቤታቸው የቡዜ የበኩር ልጅ ወዬሳ። የተላኩበት ጉዳይ ለአዳማ ሰው ጆሮ እንግዳ ነበር። ሐኪም ሁኑ፣ መሐንዲስ ሁኑ አልተባሉም። የፈረንጅ ታላላቅ ተማሪ ቤቶች በየአገሩ እንዴት እንደሚተዳደሩ ገብታችሁ ተማሩ፣ አንዱን ካንዱ አመዛዝኑ፣ እኛም አንድ ቀን ስናቆም የሚበጀንን ነግራችሁ ታሳዩናላችሁ ነው የተባሉት። ቡዜ ይህን ስትሰማ፣ «ልጄን አገር ሊያስመርጡት ነው እንዴ የሚወስዱት?» ብላ ነበር። ብዙም አልተሳሳተችም።

በአራተኛው ዓመት፣ በፈረንጅ ብርድ ወራት፣ ወዬሳ ፓሪስ ላይ በሳንባ በሽታ ሞተ። ደገፋ ቀበረው። ለአዳማው የአገር ሽማግሌ ለባላምባራስ ጉተማ ቴሌግራም መጣ፤ ከተማው በሙሉ ሰማ። ያልሰሙት ቡዜና ታናሽየው ልጇ ባጫ ብቻ ናቸው።

በእኛ አገር የሞት ወሬ እንደ ገበያ ወሬ አይወራም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሐዘንተኛዋ ገና ቤቷ ሳለች ይነገራታል፤ ሲነገራትም ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ክንዷን ይዞ ነው፣ ራሷን እንዳትጥል። ማንም ሰው መርዶውን ብቻውን ቆሞ እንዲሰማ አይተዉትም። ይህ ደግ ሥርዓት ነው፤ እኔ ምንም አልልም። መከራው ቀን መምረጡ ላይ ነው። መጀመሪያ ቡዜ ወባ ይዟት ተኝታ ነበርና ትሞትብናለች ተባለ። ስትነሣ ጾም ገባ፤ በደረቀ አንጀቷ አትችለውም ተባለ። ፋሲካ መጣ፤ በዓሏን አናበላሽባት ተባለ። ከዚያ የባላምባራስ ሚስት ሞቱና «የራሴን ሐዘን ሳልጨርስ» አሉ። በመጨረሻ «የቀበረው ይምጣ፤ በዓይኑ ያየ ሰው ቆሞ ሲነገራት ልቧ ያምናል» ተብሎ ተቆረጠ። የቀበረው ሰው ደግሞ ያን ጊዜ ገና ከአገር አገር ይዞር ነበር።

እስከዚያው ቡዜን የመያዙ ሸክም ዘርፉ ላይ ወደቀ። ቡዜ ጥጧን እየፈተለች «ልጄ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ባለች ቁጥር ዘርፉ መላ መምታት ነበረባት። መላውም ደገፋ ነበር። ደገፋ ከየደረሰበት ለአክስቱ የሚልከውን ወሬ ወስዳ የወዬሳ ነው እያለች ለእናቱ ታወራላታለች። ደገፋ ቤልጅክ ሲገባ ወዬሳ ቤልጅክ ገባ። ደገፋ ወደ ጀርመን ሲሻገር ወዬሳም ተሻገረ። «መቼ ይመጣል?» ስትባል «አንድ አገር ደግሞ ቀርቶታል» ትላለች። ቡዜም «የተላከበትን ሳይጨርስ አይመለስም የኔ ልጅ» ብላ እንዝርቷን ታሾራለች። የደገፋ ወሬ በዘገየ ጊዜ ዘርፉ የጣቢያውን ግሪክ ባለሱቅ «ደግሞ ማን ነው ትልቅ ተማሪ ቤት ያለው?» ብላ ጠየቀችው። ግሪኩ ምን ይበል፣ የራሱን አገር ጠራላት። እንዲህ ሆኖ፣ ደገፋ ረግጧት የማያውቃትን አቴናን ወዬሳ ብቻውን አይቷት መጣ። ዘርፉ ያን ቀን ማጀቷ ገብታ እንባዋ እስኪደርቅ አልቅሳለች።

በቅሎዋን ለጣቢያው ዘበኛ ሰጥታ ባቡሩ ላይ ስትወጣ ትኬት ቆራጩ «ዛሬ ቅቤሽ የት አለ?» አላት።

«ቀለጠ» አለችውና አልፋው ሄደች።

ደገፋን ሁለተኛ ማዕረግ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ጠጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ የሌላ ሰው አባት መስሏል። ሲያያት ብድግ አለ፤ አቀፋትና ትከሻዋ ላይ ቆየ። ከዚያ ድንገት ራቅ ብሎ ፊቷን አየ።

«እትዬ፣ ምነው እዚህ ድረስ? ማን ሞተ?»

«የሞተውንማ አንተው ታውቀዋለህ» አለችና ከፊቱ ተቀመጠች።

«አዬ ቡዜ እንዴት ናቸው? ሐዘኑ ትንሽ በረደላቸው?» የመንደሩ ልጆች ሁሉ ቡዜን አዬ፣ እናት፣ ነው የሚሏት።

ዘርፉ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች።

«አልሰማችም።»

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል እንዴ ይኼ ልጅ። ሞቱን ነዋ።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ደገፋ አፉን ከፍቶ ያያት ጀመር፤ እሷም ፊቱን ማየት ስለከበዳት ሁሉንም በመስኮቱ ወደ ቦሰት ተራራ እያየች ነገረችው። ወባውን፣ ጾሙን፣ ፋሲካውን፣ ባላምባራስን። ቤልጅክን፣ ጀርመንን፣ እንግሊዝን፣ ግብፅን። አቴና ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ።

«እነዚህ የኔ መንገዶች ናቸው» አለ ደገፋ።

«ያንተ ናቸው። አንተ እግር ነበረህ፣ እሱ አልነበረውም። ምን ላድርግ?»

«እኔስ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርኩ ተባለ?»

«ፓሪስ ተቀምጠሃል። ቡዜ እንዲያውም ትፈርድብሃለች፤ ያ የዘርፉ ልጅ ድሮም ሰነፍ ነበር፣ ሁሉን ሥራ ወዬሳ ላይ ጣለ ትላለች።»

ደገፋ ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረበትና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ከማዶ የተቀመጠ አንድ የሐረር ነጋዴ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስል ራሱን ነቅንቆ ፊቱን አዞረ።

«እንዴት ነበር?» አለችው ዘርፉ ቀስ ብላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ሞት ስትሸሽግ አንድ ቀን እንኳ ይህን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም።

«የምንኖረው ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ሳል ያዘው፤ ይለቀኛል አለ። እዚያ አገር እትዬ፣ አስተማሪው ትልቅ አዳራሽ ገብቶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ያነባል፣ ጨርሶ ይወጣል። ተማሪው ስንት እንደሆነ አያውቅም። ወዬሳ ከዚያ አዳራሽ ወራት ሲቀር ማንም ስሙን አልጠራም። ሐኪም ቤት ስወስደው ዘግይቼ ነበር። ከሞተም በኋላ ተማሪ ቤቱ የፈተናውን ቀን የሚያስታውቅ ወረቀት በስሙ ልኮለታል።»

«አይ ልጄን» አለች ዘርፉ።

«ከዚያ በኋላ በደረስኩበት አገር ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስንት መጻሕፍት አላችሁ፣ ስንት ሊቅ አላችሁ አልልም። ተማሪ የቀረ ቀን ማን ይፈልገዋል እላቸዋለሁ። እንግሊዞች ዘንድ ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ባንድ ገበታ ይበላል፤ ሲቀር ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይታያል። ጀርመን ተማሪው አስተማሪ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ ቢጠፋ ሌላ ከተማ ሄደ ብለው ይተዉታል። ግብፅ ሼኩ ምሰሶ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ተማሪዎቹ ይከቡታል፤ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ክቡ ይከፈታል። አዲስ አበባ ገብቼ የምናገረው ይህንኑ ነው። ይስቁብኝ ይሆናል።»

«የሚስቅብህን ወደኔ ላከው» አለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ዋናው ነገር ገና ነበርና። «ስማኝ አሁን። ነገ ማለዳ ይነገራታል። ባላምባራስ ቆርጠዋል፣ አንተም መጥተሃል፣ የቀረ ሰበብ የለም። ዛሬ ግን ጣቢያው ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች። ወዬሳስ ስትልህ አንድ አገር ጥራላት። እኔ ዘንድ አልቋል።»

«ለአንድ ቀን ከሆነ... እሺ። ጨክኜ እላለሁ።»

«ሌላም አለ።»

ለመናገር ፈራች፤ ዘርፉ ስትፈራ ያየ ሰው ብዙ የለም።

«ባጫ ዛሬ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በሚወርደው ባቡር። አዳማ ላይ ከዚህ ከኛው ጋር ይተላለፋሉ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ፓሪስ። እናንተን የላካችሁ መሥሪያ ቤት ቡዜ የተረዳች መስሎታል። ለሐዘኗ መካሻ ይሁናት ብሎ ታናሹን መረጠላት።»

«ባጫ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ደገፋ ተነሣ። ባቡሩ ውስጥ መሄጃ የለም፤ መልሶ ተቀመጠ።

«ታዲያ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁትም? ሰው ናችሁ እናንተ?»

«እንንገረው ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ባላምባራስ እንቢ አሉ። መንገደኛ በመርዶ አይሸኝም አሉ። ብንነግረው እኮ ይቀራል። የወንድሙ አርባ ሳይወጣ እናቱን ጥሎ የት ይሄዳል? ቦታው ለሌላ ይሰጣል። አንዱን በሞት አጣን፣ ሌላውን በለቅሶ አናስቀረውም አሉ። ከተማውም ልክ ናቸው አለ። ከኛ ወገን ተምሮ ለኛ የሚናገር ሰው ይፈልጋላ።»

«እትዬ፣ ያ ልጅ የሚሄደው ወንድሜን አገኛለሁ ብሎ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ለሱ ብቻ ልንገረው። ጎተት አድርጌ፣ በጆሮው።»

«ንገረው። ከዚያ እናቱን ስሞ ባቡር ይሳፈራል? ፊቱን ታየዋለች፤ የወለደችው እኮ ናት። በቀትር፣ ሐሩር ላይ፣ ሰው መሀል፣ ማንም ሳይይዛት ትሰማለች። እዚያው ሐዲዱ ላይ ትወድቅልሃለች። ከዚያ እሷን ቅበርና አዲስ አበባ ገብተህ ስለ ገበታና ስለ ምሰሶ አውራ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ተጸጸተች፤ ግን አልመለሰችውም። ደገፋ ሻንጣውን ከፈተ። ከላይ ጥሩ ሆኖ የታጠፈ ጋቢ አለ፤ ጥለቱ ቀይና ጥቁር፣ የቡዜ እጅ መሆኑን ዘርፉ ሳትነካው አወቀችው።

«ይህን የወዬሳን ገና ስወርድ ላስረክባቸው ነበር ያሰብኩት» አለ።

ዘርፉ ጋቢውን አውጥታ፣ አጥፋ፣ ከሻንጣው ሥር ድረስ ልብሱን ሁሉ ገልብጣ ቀበረችው።

አዳማ ሲደርሱ የሚወርደው ባቡር ቀድሞ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ባቡሮች ጎን ለጎን እንፋሎት ይተፋሉ፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ከመሬት አንሥቶ እንደ እንዝርት እያሾረ በሰው መሀል ያልፋል። እንቁላል ሻጩ፣ ወተት ሻጩ፣ ውሃ በጠርሙስ የሚሸጠው ሁሉ ይጮሃል። ባላምባራስ ጉተማ ጥቁር ካባቸውን ደርበው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል፤ ዙሪያቸውን የከተማው ሰው ከቧቸዋል። ሁሉም ደገፋን አዩት፤ ሁሉም ዓይኑን ዓይኑን አዩት። ዘርፉ ባላምባራስን አየቻቸውና ራሷን ዝቅ አደረገች፤ ተነግሮታል ማለቷ ነው።

ቡዜ ከሰው ሁሉ ቀድማ መጣች። ትንሽ ሴት ናት፤ ሁለት አዲስ ጋቢ በክንዷ ላይ ደርባ ይዛለች።

«አካም ጅርታ፣ የኔ ልጅ» ብላ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው። እየሳመችውም ከትከሻው በላይ የባቡሩን በር ታያለች፤ ከኋላው ሌላ ሰው የሚወርድ ይመስል። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

«ደህና ነኝ አዬ። እርስዎስ? ጤናዎ?»

«እኔ ደኅና ነኝ። ከሳህ። ቁጭ ብለህ እንዲህ ከከሳህ የሚዞረውማ አጥንቱ ቀርቷል ማለት ነው።» ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ወዬሳስ?»

ደገፋ አገር ሊጠራ አፉን ከፈተ። ስድስት ዓመት ሙሉ የአገር ስም ሲያመዛዝን የኖረ ሰው አንድ ስም አጣ። ዘርፉ ከኋላው ሆና ኮቱን ያዘችው፤ ልትቆነጥጠው ይሁን ልትደግፈው እሷም አላወቀችም።

«ፓሪስ ነው አዬ» አለ። «ተመልሶ ፓሪስ ነው ያለው።»

እውነቱን ነበር፤ መቃብሩ እዚያ ነው። ቡዜ ግን እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

«ሰማህ ባጫ? ወንድምህ ፓሪስ ገብቶልሃል። ፍለጋ ቀረልህ» አለችው ልጇን።

ባጫ ወደፊት መጣ። ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አዲስ ኮት ለብሶ እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹን ብቻ ያሳያል። ደገፋ ሲያየው ደነገጠ፤ የወዬሳ አፍንጫ፣ የወዬሳ ጥርስ፣ ያው ራሱ ወዬሳ ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ላይ እንደቆመ።

«እስቲ አንተ ተማርኩ የምትል» አለችው ቡዜ ደገፋን፣ «የትኛው አገር ነው ለልጄ ደግ? ወዬሳ የላከውን ሁሉ ዘርፉ ነግራኛለች። እኔ ያ እንግሊዝ ነው የወደድኩት፤ ተማሪና አስተማሪ ባንድ ማዕድ የሚበሉበት። ይህን ልጅ በላህ ወይ የሚለው ይፈልጋል፤ ካላሉት አይበላም።»

ደገፋ የሚችለውን አንድ ነገር ሞከረ።

«ግብፅ ነው የሚሻለው አዬ። ሙቅ ነው፣ ቅርብ ነው፣ የኛም ሰዎች እዚያ አሉ። ባጫ፣ ወደ ፓሪስ አትሂድ። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ለመሥሪያ ቤቱ እነግራለሁ፣ ያዛውሩሃል። ዛሬን ቆይ፤ በሌላ ባቡር ትሄዳለህ።»

«ወንድሜ ያለበትን ትቼ?» አለ ባጫ። ሳቅ ሳቅ እያለው ነበር። «ምነው ጋሼ ደገፋ፣ ልታስቀረኝ ነው እንዴ የመጣኸው?»

«ጎሽ» አለች ቡዜ። «ሁለቱ ባንድ ቤት ቢሆኑ ነው የኔ ሆድ የሚያርፈው።»

«ደገፋ» አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «መንገደኛውን አታዘግየው።»

ባጫ ተጠግቶ፣ «የፈረንጅ ወደብ ስደርስ ወደሱ ማን ያደርሰኛል? አድራሻውን አላውቀውም» አለው። ደገፋ እዚህ ላይ መናገር ነበረበት። ዘርፉ ኋላ ዕድሜ ልኳን ያን ሰዓት ስታነሣ፣ በዚያች ደቂቃ ተናገር ብላ ኮቱን ባለመግፋቷ ራሷን ትረግም ነበር። ደገፋ ቡዜን አያት፤ ነፋሱ ነጠላዋን እየገፈፈባት፣ ጋቢዎቹን አቅፋ፣ ለመያዝ የተዘጋጀ አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ ሳይኖር ቆማለች።

«ወደቡ ላይ የሚቀበልህ ሰው አለ፤ ከመሥሪያ ቤቱ የታዘዘ። እሱ ይነግርሃል» አለው።

ፊሽካ ተነፋ። ቡዜ ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ሰጠችው። «ይኼ ያንተ። ይኼ የወንድምህ፤ ሰፋ ያለው። ያ ይዞት የሄደው ይኼኔ ነትቧል። እኔ ነኝ የፈተልኩት በለው፣ ሌላ ሰው አልነካውም በለው።» ባጫ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ይዛ አነሣችው፤ አንገቱን ስማ ገፋ አደረገችው፣ እንባዋን እንዳያይ።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ደገፋ መስኮቱን ይዞ አብሮ ይራመድ ጀመር።

«ባጫ፣ እዚያ ብርዱ ክፉ ነው። ጋቢውን ልበስ። ሁለቱንም ደርበህ ልበስ።»

«ሁለቱንም? የወዬሳንም?»

«ሁለቱንም።»

ባጫ ሳቀበት። «አሁን ገባኝ ለምን ሰነፍ እንደሚሉህ፤ ብርድ ፈርተህ ነው የተቀመጥከው» አለው። ሐዲዱ ዳር ያለው ጠጠር አለቀና ደገፋ ቆመ። ባቡሩ ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ ተጠምዝዞ ግራሩ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ሆነ። እንዲያ ተሟልቶ የተነገረ መርዶ በአዳማ አይታወቅም። ገና ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ድምፃቸውን አፍነው መጡ። ቡዜ በሩን ስትከፍት ባላምባራስን አየች፤ አጠገባቸው ጋቢ ታቅፎ የቆመውን ደገፋን አየች፤ የጋቢውን ጥለት አየች። አንድ ቃል ሳይነገራት አወቀች። ዘርፉ በቀኝ፣ አረጋሽ የምትባል ጎረቤት በግራ ሆነው ክንዷን ያዙ። ባላምባራስ የሚባለውን ሁሉ አንድ ሳያጎድሉ አሉ።

ቡዜ ጮኸች፣ ደረቷን ልትደቃ ታገለች፣ ወደ መሬት ልትወረወር ሞከረች። ሴቶቹ አጥብቀው ያዟት። ዘርፉ ፊቷን የቡዜ አንገት ውስጥ ቀብራ ከሷ በላይ ታለቅስ ነበር፤ የሁለት ዓመት ለቅሶ ነው። ብዙ ከቆዩ በኋላ የቡዜ ጉልበት አለቀና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጋቢውን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጥለቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«መቼ ነው የሞተው?» አለች።

ደገፋ ነገራት።

በልቧ አገሮቹን ወደ ኋላ የምትቆጥር ይመስል ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀና ስትል ያየችው ባላምባራስን ነው።

«ትናንት ባቡሩ ቆሞ ሳለ ታውቁ ነበር?»

«ሥርዓቱ ነው ቡዜ» አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸው የትናንቱ አልነበረም። «መንገደኛ በመርዶ...»

«እኔን ሁለት ሰው ይዞኛል» አለች፤ ክንዶቿን ዘርፉና አረጋሽ እንደያዟቸው ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ቄስ አለ። ደጄ ሙሉ ሰው አለ። ባጫን ማን ይይዘዋል?»

ከአጥሩ ውጭ ያለው ለቅሶ ቀስ በቀስ ቆመ፤ ሴቶቹ ሊሰሙ ተጠጉ። ቡዜ ወደ ደገፋ ዞረች። አልተቆጣችም፤ የምትጠይቀው ነገር ነበራት፣ እሱ ደግሞ ተምሮ የመጣ ነው።

«ወደቡ ላይ የሚቀበልህ ሰው አለ፣ እሱ ይነግርሃል አልከው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያ ሰው ቋንቋችንን ያውቃል?»

ዘርፉ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች።

«አያውቅም፣ አዬ» አለ ደገፋ።